ፎቶግራፍ ሲተልቅ ለምን ይደበዝዛል? የዲጂታል ካሜራ ምስልን በትልቅ መጠን አጥርቶ ማሳተም

በስልክ መስታወት ላይ የሚታይ ፎቶግራፍ አብዛኛውን ጊዜ ያማረ ነው። መስታወቱ ትንሽ ነው፤ ብርሃኑም ከውስጥ ስለሚወጣ ጉድለትን ይሸፍናል። ያው ምስል አንድ ሜትር ገደማ በሚሆን ወረቀት ላይ ሲታተም ግን ዐይን ደብዝዞ፣ የጥለቱ ጠርዝ እንደ ደረጃ ተሸራርፎ፣ ፊቱም በአራት ማዕዘን ነቁጦች ተሞልቶ የሚወጣበት ጊዜ ብዙ ነው። የሰርግ ፎቶግራፍ እንዲህ ሲበላሽ ያበሳጫል። ለአርባ ወይም ለሙት ዓመት ሊሰቀል የታሰበ የእናት ወይም የአባት ምስል ሲበላሽ ደግሞ ከብስጭት ያለፈ ነው፤ ያለፈ ሰው ዳግመኛ ካሜራ ፊት አይቀመጥምና።

ብዙ ሰው ጥፋቱን በማተሚያ ማሽኑ ላይ ያሳብባል። ማሽኑ የሚያጠፋበት ጊዜ ባይጠፋም፣ ምስሉ በአብዛኛው የሚጎዳው ፎቶ ቤት ከመድረሱ በፊት ነው፤ ሲነሳ፣ ከስልክ ወደ ስልክ ሲላክ ወይም ሲቆረጥ።

ምስሉ የተሠራበት ስፌት

ዲጂታል ፎቶግራፍ ፒክስል ከሚባሉ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ቀለም ብቻ ከያዙ ጥቃቅን ነቁጦች የተሠራ ነው። የመሶብ ወይም የሰፌድ ስፌት ነገሩን በደንብ ያስረዳል። ስፌቱ ደቃቅና ብዙ ሲሆን ጌጡ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ስፌቱ ወፍራምና ጥቂት ከሆነ ግን ያው ጌጥ ሸካራ ይሆናል። አንድ ካሜራ 12 ሜጋፒክስል ነው ሲባል ምስሉ 12 ሚሊዮን ያህል ነቁጦች አሉት ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ በርዝመቱ 4000፣ በወርዱ 3000። ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ ደግሞ 6000 በ4000 ይሰጣል። ምስሉን በትልቅ ወረቀት ላይ ማተም አዲስ ነቁጥ አይጨምርም፤ ያሉትን ይለጥጣል እንጂ።

ምን ያህል ቢለጠጡ ዐይን ሳያውቅ ያልፋል? ጤነኛ የሰው ዐይን ሁለት ነጥቦችን ለይቶ ማየት የሚችልበት ወሰን አለው። ወሰኑም አንድ ዲግሪ ለ60 ሲከፈል የሚገኘው ማዕዘን ገደማ ነው። አንድ ሰው ፎቶግራፍን በእጁ ይዞ ከ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ሲያይ ይህ ማዕዘን ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ዐሥረኛ ያነሰ ስፋት ይሆናል፤ በአንድ ኢንች ወይም 2.54 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 290 ያህሉ ይገባል ማለት ነው። በማተሚያ ቤቶች ሁሉ የሚነገረው «300» የሚለው ቁጥር ከዚህ የራቀ አይደለም።

ስሌቱ ቀላል ነው። የምስሉን ርዝመት በፒክስል ለ300 አካፍሎ በ2.54 ማባዛት፣ በእጅ ተይዞ ቢታይ እንከን የማይታይበትን መጠን በሴንቲ ሜትር ይሰጣል። 4000 በ3000 የሆነው ምስል በዚህ ስሌት 34 በ25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይታተማል፤ ከኤ4 ወረቀት ከፍ ይላል። 6000 በ4000 የሆነው ደግሞ 51 በ34 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል።

ትልቅ ፎቶግራፍ ግን በእጅ ተይዞ አይታይም። ርቀቱ በእጥፍ ሲያድግ በአንድ ኢንች ውስጥ የሚያስፈልገው ፒክስል በግማሽ ይቀንሳል። ከአንድ ሜትር ርቀት ለሚታይ ምስል 90 ያህል ይበቃል፤ ከሦስት ሜትር 30፤ ከ10 ሜትር ደግሞ 9 ብቻ። መንገድ ዳር የሚቆም፣ ዐሥር ሜትር ርዝመት ያለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ከባለ 12 ሜጋፒክስል ምስል ተሠርቶ ከሩቅ የሚያምረው በዚህ ምክንያት ነው። ቀርቦ ያየው ሰው ግን ነቁጦቹን አንድ በአንድ ሊቆጥር ይችላል።

ሳሎን ውስጥ የሚሰቀል የቤተሰብ ፎቶግራፍ በሁለቱ መካከል ነው። ከወንበር ሆኖ የሚያየው ሰው ሁለት ሜትር ይርቃል፤ እንግዳ ሲመጣ ግን ተነሥቶ፣ ተጠግቶ፣ «ይህ ማን ነው?» ብሎ ያያል። ስለዚህ የሰው ፊት ላለበት ትልቅ ምስል በኢንች 150 ፒክስል ቢገኝ መልካም ነው፤ ከ100 በታች ባይወርድ ይመረጣል። በዚህ መለኪያ ባለ 24 ሜጋፒክስል ምስል በ60 በ90 ሴንቲ ሜትር ሲታተም በኢንች 169 ይደርሰዋል፤ የሚያሰጋ ነገር የለም። ባለ 12 ሜጋፒክስሉ በ60 በ80 ሲታተም 127 ይሆናል፤ ንጹሕ ሆኖ ከተነሳ ያምራል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። ፎቶ ቤቱ «300 ዲፒአይ አድርጋችሁ አምጡ» ሲል ባለቤቱ በኮምፒውተር ገብቶ 72 የሚለውን ጽሑፍ ወደ 300 ይለውጣል። የፒክስሉ ብዛት እስካልተለወጠ ድረስ ይህ በከረጢት ላይ የተጻፈውን ኪሎ እንደ መቀየር ነው፤ በውስጡ ያለው እህል ያው ነው። በማተሚያ ማሽን ላይ የሚጻፈው 1440 ወይም 2880 የሚል ቁጥርም ሌላ ነገር ነው። እሱ ማሽኑ የሚረጨውን የቀለም ጠብታ ጥግግት የሚያመለክት ሲሆን አንዱን ፒክስል ለማሳየት ብዙ ጠብታዎች ይሳተፋሉ።

የስልክ ካሜራዎች ቁጥር

ገበያ ላይ 50፣ 108፣ እንዲያም ሲል 200 ሜጋፒክስል የሚል ጽሑፍ የያዙ ስልኮች አሉ። እነዚህ ስልኮች በተለመደው አሠራራቸው ጎረቤት ነቁጦችን አንድ ላይ አጣምረው ያነሰ ምስል ያስቀምጣሉ። ባለ 50ው አራቱን ወደ አንድ አጣምሮ 12.5፣ ባለ 108ቱ ብዙውን ጊዜ ዘጠኙን ወደ አንድ አጣምሮ 12 ሜጋፒክስል ይሰጣል። ይህ ማታለል አይደለም፤ በደብዛዛ ብርሃን ምስሉ እንዳይቆሽሽ ይረዳል። በጠራ ቀን ለትልቅ ህትመት የሚነሳ ፎቶግራፍ ከሆነ ግን በካሜራው ቅንብር ውስጥ ገብቶ ሙሉውን መጠን መምረጥ ዋጋ አለው።

ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም። የስልክ ካሜራ ብርሃን የሚቀበልበት ገጽ ከጣት ጥፍር ያነሰ ሲሆን፣ ፎቶ አንሺዎች የሚይዙት የትልቁ ካሜራ ገጽ 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው። ብዙ ብርሃን የሚቀበል ገጽ ንጹሕ ቀለም ይሰጣል። በዚህ የተነሣ ጥሩ ሌንስ ያለው ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ በትልቅ ህትመት ላይ ባለ 108 ሜጋፒክስል ስልክን አብዛኛውን ጊዜ ይበልጠዋል።

ሲነሳ

ለትልቅ ህትመት ሲታሰብ ካሜራው በትልቁ መጠንና በላቀው ጥራት እንዲቀዳ መደረግ አለበት። ዲጂታል ዙም የሚባለው አቅራቢ ምስሉን ቆርጦ የሚለጥጥ ነውና በእግር መቅረብ ይሻላል። መቁረጥ የሚያስከትለውን ጉዳት ብዙዎች አያስተውሉትም፤ የምስሉን ርዝመትና ወርድ በግማሽ የቆረጠ ሰው የቀረው ሩቡ ብቻ ነው፤ 24 ሜጋፒክስል የነበረው 6 ይሆናል።

እጅ ሲንቀጠቀጥ የሚፈጠር ብዥታ በስልክ መስታወት ላይ አይታይም፤ በወረቀት ላይ ግን ይጋለጣል። በእጅ ለሚያነሳ ሰው የቆየው መመሪያ የመዝጊያው ፍጥነት ቢያንስ ከሌንሱ ርዝመት ጋር ይመጣጠን የሚል ነው፤ ለ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከሰከንድ አንድ 50ኛ፣ ለ200 ሚሊ ሜትር አንድ 200ኛ። ለእስክስታና ለፈረስ ጉግስ አንድ 500ኛ እና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ የተቀመጠ ካሜራ፣ ከሁለት ሰከንድ በኋላ በራሱ እንዲያነሳ ቢታዘዝ ንቅናቄው ይጠፋል። አይኤስኦ የሚባለው ቁጥር በ100 ወይም በ200 ቢቆይ ይመረጣል፤ ሲጨምር እንደ አሸዋ የሚበተን ነቁጥ ይፈጥራል። ስልክ ለያዘ ሰው ደግሞ ከዚህ ሁሉ በፊት የሚቀድመው ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ መጥረግ ነው። የጣት ቅባት ያበላሸው ፎቶግራፍ ስፍር ቁጥር የለውም።

በአገራችን አለባበስ የተለየ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ነጩ ነው። ነጠላ፣ ቀሚስና ጋቢ በቀትር ፀሐይ ሲነሡ ብርሃኑ ከልክ ያልፍና የሸማው ድርና የጥልፉ ዝርዝር ጠፍቶ ባዶ ነጭ ብቻ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ማንኛውም ማሽን አይመልሰውም። በተቃራኒው ካሜራው ነጩን አይቶ ብርሃን ሲቀንስ ፊት ይጠቁራል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ፣ አለዚያም በቤት ጥላ ሥር ቢነሳ ሁለቱም ይተርፋሉ። የቀትር ፀሐይ ከአናት ስለሚወርድ በቅንድብ ሥር ጥላ ይጥላል፤ ሽማግሌዎችን በዚያ ሰዓት ማንሳት ዐይናቸውን ማጣት ነው። ቤት ውስጥ ከሆነ ሰውየውን ወደ በር አቅርቦ ፊቱን ወደ ብርሃኑ ማዞር ከፍላሽ መብራት ይሻላል። ካሜራው የሚፈቅድ ከሆነ ሮው በሚባለው ዓይነት መቅዳት የነጩንና የጥቁሩን ዝርዝር ኋላ ለማስተካከል ሰፊ ዕድል ይሰጣል።

ሲላክ

ከሁሉ የከፋው ጉዳት የሚደርሰው እዚህ ነው። በቴሌግራምና በዋትስአፕ የሚላክ ፎቶግራፍ በተለመደው መንገድ ሲሄድ ፕሮግራሙ ኢንተርኔት ለመቆጠብ ሲል ምስሉን ያሳንሰዋል። 4000 በ3000 የነበረው ወደ 1280 በ960 ወርዶ ቢደርስ የቀረው ከዐሥር እጅ አንዱ ገደማ ነው። በ60 በ80 ሴንቲ ሜትር ሲታተም በኢንች 41 ፒክስል ብቻ ይደርሰዋል፤ ፊቱ እንደ እርጥብ ጭቃ ይታያል። ላኪም ተቀባይም በስልካቸው ላይ ልዩነቱን አያዩትምና ጥፋቱ የሚታወቀው ገንዘቡ ተከፍሎ ወረቀቱ ከወጣ በኋላ ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። በቴሌግራም ሲላክ «ፎቶ» ከሚለው ይልቅ «ፋይል» የሚለውን መርጦ መላክ ምስሉን ሳይነካ ያደርሰዋል። በዋትስአፕም «ሰነድ» ተብሎ ሊላክ ይችላል። በቅርብ ላለ ሰው ደግሞ በፍላሽ፣ በኬብል ወይም ራሱን ሚሞሪ ካርዱን ወስዶ ማስገልበጥ አለ። በዓረብ አገር ወይም በአሜሪካ ያለ ዘመድ የቤተሰብ ፎቶግራፍ ሲልክም ይህንኑ አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል፤ «ኦሪጅናሉን በፋይል ላክልን» የሚለው ቃል ይበቃል።

የደረሰው ምስል ሙሉ መሆኑን ለማወቅ የፋይሉን ዝርዝር መክፈት ነው። ባለ 12 ሜጋፒክስል ፎቶግራፍ በተለመደው ጄፔግ ዓይነት ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ሜጋባይት ይመዝናል። 150 ኪሎባይት የሚል ከታየ ምስሉ በመንገድ ተቆርሷል። ከፌስቡክ የወረደ፣ ከስልክ መስታወት ላይ የተቀዳ ወይም በሌላ ስልክ ፎቶው እንደገና የተነሳ ምስልም ለትልቅ ህትመት አይሆንም። ጄፔግ በተስተካከለና በተቀመጠ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እየተሸራረፈ ስለሚሄድ፣ ማስተካከል የሚፈልግ ሰው ኦሪጅናሉን ሳይነካ በቅጂው ላይ ቢሠራና ቅጂውን በቲፍ ዓይነት ወይም በላቀው የጄፔግ ጥራት ቢያስቀምጥ ይበጀዋል።

ያለው አንድ ጉርድ ፎቶ ብቻ ሲሆን

የቀደሙት ወላጆች ብዙ ጊዜ የተዉልን መታወቂያ ላይ የተለጠፈ ወይም በሣጥን ውስጥ የኖረ የወረቀት ፎቶ ነው። እንዲህ ያለውን በስልክ ከማንሳት ይልቅ በስካነር ማስነሳት ይገባል። 10 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ አሮጌ ፎቶ በ600 ሲነበብ 2362 በ3543 ፒክስል ይሰጣል፤ በእጥፍ ተልቆ ያለ ችግር ይታተማል። 3 በ4 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጉርድ ፎቶ በ1200 ቢነበብ 1417 በ1890 ይሆናል። ይህም በኢንች በ150 ሲታተም 24 በ32 ሴንቲ ሜትር ነው። ከዚያ በላይ ማሳደግ የወረቀቱን ቆሻሻና ጭረት ማሳደግ ስለሚሆን፣ እዚያው ላይ ቆሞ በሰፊ ነጭ ኅዳግ ማስከበብ ይሻላል። ግድግዳ ላይ ከሩቅ ይሞላል፤ ፊቱም ፊት ሆኖ ይቆያል።

አሁን አሁን የደበዘዘ ምስልን በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያጠሩ ፕሮግራሞች ተበራክተዋል። ለመልክዐ ምድር፣ ለሕንፃና ለእርሻ ማሳ ይጠቅማሉ። በሰው ፊት ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል፤ ፕሮግራሙ ያልነበረ ዝርዝርን ከሌሎች ብዙ ፊቶች ተምሮ ይፈጥራልና። የወጣው ፊት ጥርት ያለና ያማረ ሆኖ የአባትን ዐይን፣ የእናትን የግንባር መስመር ወይም ንቅሳት ለውጦ ሊገኝ ይችላል። ሟቹን በቅርብ የሚያውቁ ሁለት ሦስት ሰዎች ሳያዩት እንዲህ ያለ ምስል ወደ ማሽን ባይገባ ይመረጣል። ደብዘዝ ያለ እውነተኛ ፊት ከጠራ የባዕድ ፊት ይበልጣል።

ፎቶ ቤት ሲደረስ

መጀመሪያ መጠኑን ከምስሉ ቅርጽ ጋር ማስማማት ነው። የትልልቅ ካሜራዎች ምስል ሦስት ለሁለት ስለሆነ በ40 በ60 እና በ60 በ90 ልክ ይገባል። የስልኮች ምስል አራት ለሦስት ስለሆነ 30 በ40 እና 60 በ80 ይስማማዋል። የስልክን ምስል በ10 በ15 ወረቀት ላይ ያለ ኅዳግ ማተም ከአጭሩ ጎን 11 በመቶውን ያስቆርጣል፤ በቤተሰብ ፎቶ ጠርዝ ላይ የቆመው ሰው ትከሻ የሚጠፋው እንዲህ ነው። የት እንደሚቆረጥ ባለቤቱ ራሱ አይቶ ቢወስን ይሻላል።

ቀጥሎ የማሽኑ ዓይነት ነው። የባነር ማሽን ለሩቅ እይታ የተሠራ ነው፤ የሚያትምበት ፕላስቲክም ሸካራ ነው። ለምርቃት፣ ለስብሰባና ለኅብረት ሥራ ማኅበር ማስታወቂያ ይበቃል፤ ሳሎን ውስጥ ለሚሰቀል ፊት ግን አይሆንም። ለዚያ ብርሃን በሚቀበል የፎቶ ወረቀት ላይ የሚሠራው የፎቶ ቤት ማሽን ወይም በወፍራም የፎቶ ወረቀት ላይ ቀለም የሚረጨው ትልቅ ማተሚያ ይመረጣል። ካንቫስ የሚባለው ሸራ ሌላው አማራጭ ነው፤ የጨርቁ ሽመና ጥቃቅን ጉድለትን ስለሚሸፍን ፒክስሉ ትንሽ ላነሰ ምስል ይደግፋል። አንጸባራቂ ወረቀት ቀለሙን ያደምቃል፤ መስኮት ፊት ለፊት ሲሰቀል ግን ከፎቶው ይልቅ መስኮቱ ይታያል። ለእንዲህ ያለ ቤት የማያንጸባርቀው ይሻላል።

ቀለምን በተመለከተ፣ ለፎቶ ቤት የሚሰጥ ፋይል በተለመደው ኤስአርጂቢ ቢሆን ችግር የለውም። ወደ አራቱ የህትመት ቀለሞች መቀየርን ለማሽኑ ባለሙያ መተው ነው። ምስሉ በወረቀት ላይ ከስክሪኑ ጠቆር ብሎ መውጣቱ የተለመደ ነው፤ ስክሪን ብርሃን ያወጣል፣ ወረቀት ግን የተቀበለውን ይመልሳል። ስለዚህ በኮምፒውተር ሲታይ የስክሪኑን ድምቀት መቀነስ፣ ፊትንም ጥቂት ማፍካት ያስፈልጋል።

ትልቁ ወረቀት ከመታተሙ በፊት የሙከራ ቁራጭ መጠየቅ የደንበኛ መብት ነው፤ ዋጋውም ትንሽ ነው። አሠራሩ ሙሉውን ምስል አሳንሶ ማተም አይደለም፤ ያማ ሁሌም ያምራል። ምስሉ በታሰበው ትልቅ መጠን እንዳለ ሆኖ ዐይንና ጥልፍ ያለበትን 10 በ15 ሴንቲ ሜትር ቁራጭ ብቻ ቆርጦ ማተም ነው። ቁራጩን ግድግዳ ላይ ለጥፎ ከሚሰቀልበት ርቀት፣ ከዚያም ተጠግቶ ማየት፤ ቀለሙንም በቀን ብርሃን ማየት። ካልጠራ መጠኑን አንድ ደረጃ ዝቅ ማድረግ ገንዘብ ያድናል።

ቀለም በሚረጭ ማሽን የታተመ ወረቀት ወደ ፍሬም ከመግባቱ በፊት አንድ ቀን ያህል ቢደርቅ ጥሩ ነው። መስታወቱ ፎቶውን በቀጥታ እንዳይነካ በመካከል የካርቶን ኅዳግ ይደረጋል፤ አለዚያ በእርጥበት ወራት ወረቀቱ ከመስታወቱ ጋር ይጣበቃል። ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት ግድግዳና የማድቤት ጢስ የሚደርስበት ቦታ ቀለምን ያነጡታል። ኦሪጅናሉ ፋይል ደግሞ በስልኩ ብቻ ሳይሆን በፍላሽ ወይም በኮምፒውተር፣ ቢቻል በሁለት የተለያዩ ቤቶች ይቀመጥ። ወረቀቱ ከዓመታት በኋላ ቢያረጅ እንደገና የሚታተመው ከእሱ ነው።